ፈረቃ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ፤ ኮንዶሚኒየሙ ጥግ ያለ ወፍጮ ቤት። መብራት ከሄደ አንድ ሰዓት አልፎታል። ወረፋ የያዙት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከበቆጂ ስንዴ ይዘው የመጡት ጋሽ ቱሉና ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው አስካለ ናቸው። የወፍጮው ልጅ ሳሚ በእፅዋት ሳይንስ ተመርቋል፤ ዲግሪው ዱቄት ለብሶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

አስካለ፦ ውሃው በፈረቃ፣ መብራቱ በፈረቃ! ሰው እንዴት በፈረቃ ይኖራል?

ጋሽ ቱሉ፦ ሰውን እንጃ፤ ስንዴ ግን ያለ ፈረቃ አይሆንለትም።

አስካለ፦ ስንዴም ቆጣሪ አስገባ እንዴ?

ጋሽ ቱሉ፦ ስንዴ በስንዴ ላይ፣ ዓመት በዓመት ስንዘራ ሥሩ ጠቆረ። ዛላው ያለጊዜው ይነጣል። ከሩቅ ስታዪው የደረሰ ይመስላል፤ ስታሺው ፍሬ የለውም።

አስካለ፦ ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ! ላግባሽ ብሎኝ ነበር።

ሳሚ፦ ፈንገስ ነው እትዬ። አፈር ውስጥ በቀረው ሥርና አገዳ ላይ ያድራል። በዓመቱ ስንዴ ሲዘራ ቁርሱ ቀረበለት ማለት ነው። ባቄላ ከተዘራ ግን የሚበላው አጥቶ ይመነምናል።

ጋሽ ቱሉ፦ ጎረቤቴ ይሄን ሰምቶ ገብስ ዘራ።

ሳሚ፦ ገብስማ የስንዴ የአክስት ልጅ! ዘመድ ቤት ከርሞ ይመለሳላ።

አስካለ፦ ታዲያ ፈንገሱን ሁሉ በመድኃኒት መጨረስ ነዋ!

ሳሚ፦ ኧረ ደግም አለው! ማይኮራይዛ የሚባለው ሥሩ ላይ ተጠግቶ፣ ሥር ከማይደርስበት ክሩን ዘርግቶ ፎስፈረስ ያመጣል። ተክሉ ደግሞ ስኳር ይከፍለዋል።

አስካለ፦ ደላላ ነው በለኛ።

ሳሚ፦ ያለውን ዕቃ በትክክል የሚያመጣ ደላላ። ባቄላም ደንበኛው ነው። ጎመንዘር ግን ደላላ ደጁ አያስደርስም፤ በሽታውን ሲያስርበው ደላላውንም አብሮ ያስርበዋል።

አስካለ፦ ዋግ ዋግ የሚሉትስ?

ጋሽ ቱሉ፦ እሱን ተይው! በ2003 ኩብሳ የሚባለውን ዘር ቢጫ ዋግ ፈጀው። ዲገሉን ዘራን፤ በ2006 ደግሞ እሱን ግንድ ዋግ ጨረሰው። ያን ዓመት የዘራሁት ባቄላ በነበረበት ማሳ ላይ ነው። አልማረኝም።

ሳሚ፦ ዋግ ማሳ አይጠብቅም ጋሼ፤ በነፋስ ነው የሚመጣው። ለሱ መፈራረቅ ያለበት ዘሩ ነው። አገሩ በሙሉ አንድ ዓይነት ዘር ከዘራ፣ አንዴ ቁልፉን ያገኘ ዋግ ሁሉንም ቤት ይከፍታል።

አስካለ፦ እንደኛ ብሎክ! በኔ ቁልፍ የጎረቤቴ በር ይከፈታል።

(ጋሽ ቱሉ ወደ ውጭ፣ ወደ ሕንፃዎቹ ያያሉ።)

ጋሽ ቱሉ፦ እዚህስ ድሮ ምን ነበር የሚዘራው?

ሳሚ፦ ጤፍ፣ ከዚያ ሽምብራ፣ ከዚያ ጤፍ፣ ከዚያ ኮንዶሚኒየም።

ጋሽ ቱሉ፦ ከኮንዶሚኒየም ቀጥሎስ?

ሳሚ፦ እሱ ገና አልታጨደም።

አስካለ፦ እሺ ጋሼ፣ ፈረቃው ይሄን ያህል ከጠቀመ ለምን በየዓመቱ አታፈራርቁም?

ጋሽ ቱሉ፦ ስንዴዬን ኮምባይነር በአንድ ቀን ያነሳልኛል። ባቄላ ጎንበስ ብሎ በእጅ ነው፤ ጎንበስ የሚሉት ልጆቼ ደግሞ እዚህ ፎቅ ላይ ናቸው። ነጋዴውም ደጄ ቆሞ ስንዴ ነው የሚለኝ። እስቲ አንቺ፣ ትናንት ማታ ምን በላሽ?

አስካለ፦ ማካሮኒ።

ጋሽ ቱሉ፦ ከትናንት በስቲያስ?

አስካለ፦ ፓስታ።

ጋሽ ቱሉ፦ ዛሬ ጠዋትስ?

አስካለ፦ ዳቦ በሻይ። (ትንሽ ዝም ብላ) የአክስት ልጆች ናቸው መሰለኝ።

(መብራት መጣ። ወፍጮው አጓራ።)

ሳሚ፦ የሽሮው ወፍጮ ወረፋ የለውም! ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ የያዘ ይቅረብ!

(ማንም አልተንቀሳቀሰም።)