ግማሽ ብርሃን ስንት ነው?

በእኛ ጊዜ ሙሽሮች ከኋላቸው ፏፏቴ ካማራቸው ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ይሰቀልላቸዋል፤ አለቀ። ዛሬ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ገትረዋቸው ፓሪስ ይልኳቸዋል። ይላኩ! ግን ከፓሪስ ሲመለሱ የሙሽሪት ጆሮ አረንጓዴ፣ ፀጉሯ በመቀስ የተከረከመ የሚመስለው ለምንድን ነው? ቪዲዮ አንሺውን ብጠይቀው "ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ ነው" አለኝ። ሶፍትዌሩ ነው! በእኛ ፎቶ ቤት "ኬሚካሉ ነው" የሚል ረዳት በማግስቱ ሥራ አልነበረውም።

በእልህ መማር ጀመርኩ፤ መምህሬ የልጅ ልጄ ናት። ምነው በቀረብኝ!

ፒክስል ማለት ቁጥር ነው አለችኝ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። ሲባዛ 16.7 ሚሊዮን ያህል ቀለም ይወጣዋል። ጥሩ። ታዲያ 255 ሙሉ ብርሃን ከሆነ 128 ግማሽ ነው? አይደለም! ከሙሉው ብርሃን ከመቶ 22 እንኳ አይሞላም። ግማሹ የሚገኘው 188 ላይ ነው። ይህን ስሌት ያወጣ ሰው ሥጋ ቤት ቢኖረው ኖሮ ሚዛኑን ይወርሱት ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ይባስ፦ የሰው ዓይን ከደማቁ ይልቅ የጨለማውን ልዩነት አጥርቶ ስለሚለይ፣ ካሉት 256 ደረጃዎች አብዛኛውን ለጨለማው አደሉት። ጋማ ይሉታል። የጨለማ ክፍል ሰው ነኝና ዓይን እንዲህ መሆኑን አልክድም። ግን ሁለት ምስል ለማዋሃድ መጀመሪያ ቁጥሩን ወደ እውነተኛው ብርሃን መመለስ፣ አዋህዶ እንደገና ወደ ጋማው መቀየር ግድ ነው። ያን ያልዘለለ ቪዲዮ አንሺ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ቀለሞቹ የሚገናኙበት ዳር ጠቁሮ ይቀራል።

አልፋ የሚሉት ደግሞ አለ፤ ፒክስሉ ምን ያህል እንደሚጋርድ የሚናገር ቁጥር ነው፦ 1 ከሆነ ይጋርዳል፣ 0 ከሆነ የለም፣ ፀጉር መካከል ላይ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ሉካስፊልም የነበሩት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ቀለሙን አስቀድሞ በአልፋ አባዝቶ ማስቀመጥ እንደሚበጅ ጽፈዋል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ገባኝ። የእኛ ጎረምሳ ቪዲዮ አንሺ ግን የተባዛውን ደግሞ ያባዛውና ሙሽራው በጭንቅላቱ ዙሪያ ጥቁር ሻሽ ጠምጥሞ ይታያል፤ በሠርጉ ቀን!

ስለ 4ኬ ካሜራማ አታንሱብኝ። ብዙዎቹ ብርሃኑን ለየፒክስሉ ይመዘግቡና ቀለሙን ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ይይዛሉ። "አባባ፣ ዓይን አያስተውለውም" ትለኛለች የልጅ ልጄ። ዓይን አያስተውል ይሆናል፤ አረንጓዴውን ነቅሶ የሚያወጣው ኮምፒውተር ግን የሚመራው በቀለሙ ነው። ፀጉሩን የከረከመው መቀስ ይኸው ተገኘ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ቪዲዮ በሴኮንድ 29.97 ምስል ነው። ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ሰባት! 30 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ቀለም ቴሌቪዥን ላይ ሲጨምሩ ሸራረፉት። እኛ ዘንድ 25 ላይ ሲለጥፉት ጭፈራው ይንገጫገጫል፤ ጥፋቱ እስክስታ በማያውቁት ሚዜዎች ይላከካል።

አረንጓዴው ጆሮስ? እሱ እንኳ ሒሳብ አይፈልግም። ጨርቁ ላይ ያረፈው መብራት ተመልሶ ቆዳዋ ላይ ወድቆ ነው። ሙሽሪትን ከጨርቁ ራቅ አድርጎ ማቆም፣ ለጨርቁ የራሱን መብራት መስጠት ይበቃል። ይህን እኔ ያለ ኮምፒውተር አውቀው ነበር፤ የጠየቀኝ ግን የለም።

ልጅ የምትድሩ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቪዲዮ አንሺውን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ አልፋው ተባዝቷል ወይስ አልተባዛም? ካፈጠጠባችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።