ፒንሳ ይፍታው!

የነዳጅ ፊልትሮ ልታስቀይሩ ጋራዥ ገብታችሁ መካኒኩ ከመኪናው ሥር «ቱቦው ይዟል» ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ጥበብ ልታዩ ነው።

ፈረንጅ ለዚች ሥራ ለብቻዋ ቁልፍ ሠርቷል። ተራው ቁልፍ የቱቦውን ማሰሪያ ዳዶ ሁለት ጎን ብቻ ሲይዝ፣ ይኼኛው አምስቱን አቅፎ ስድስተኛውን ለቱቦው መግቢያ ክፍት ይተዋል። ምስኪን! ፒንሳ ስለሌለው እኮ ነው። ፒንሳ ቁጥር አይጠይቅም፤ 14 ይሁን 17 ግድ የለውም። ሁለቴ ሦስቴ ከተንሸራተተ ባለ ስድስት ጎኑን ዳዶ ድቡልቡል ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ቁልፍ ስለማይዘው መካኒካችን ከመምረጥ ጣጣ ይገላገላል።

«ዝገት ማላቀቂያ ነፍተህ ሩብ ሰዓት ታገሥ» የሚሉም አሉ። ሩብ ሰዓት ከየት ይመጣል? ረዳቱ የተሰበረውን ቱቦ ምትክ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወርዶ እስኪመለስ የሚሄደው ግማሽ ቀን ግን ከሰዓት አይቆጠርም። «በአንዱ ቁልፍ ፊልትሮውን ይዘህ በሌላው ዳዶውን ፍታ» ይላሉ ደግሞ፤ አለዚያ የብረቱ ቱቦ አብሮ ይዞራል ብለው ነው። ይዙራ! እንደ ታጠበ ነጠላ ተጠምዝዞ ሲጨመቅ ማየት በራሱ ትርዒት ነው።

በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ያለው የፕላስቲክ ማያያዣማ ጨርሶ ለመካኒክ ክብር የማይመጥን ነገር ነው። በጆሮዎቹ መሐል የደረቀውን ጭቃ በአየር ትነፋለህ፤ ቱቦውን መጀመሪያ ወደ ፊልትሮው ገፋ ታደርጋለህ፤ ጆሮዎቹን ጫን ብለህ ትስባለህ፤ ይወጣል። በቃ! ላብ የለ፣ ስድብ የለ፣ ረዳት አይጠራ። እንዲህ ተሠርቶ ባለመኪናው ፊት ሒሳብ ለመጠየቅ አያሳፍርም? ስለዚህ ካቻቢቴ ይሰነቀራል። «ቀጭ!» ካለ ጆሮው ተገንጥሏል፤ ሥራውም ተሳልጧል። የቀረው የጎማ ቱቦ ቆርጦ ሁለት ፋሼታ ማጥበቅ ነው። የትኛው ጎማ? የተገኘው። በኢንጄክሽን መኪና ቱቦ ውስጥ ያለው ቤንዚን 3 ባርና ከዚያም በላይ ግፊት አለው፤ የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር ይበልጣል። ለውኃ የተሠራ ጎማ ይህን ቢችል ቻለ፤ ባይችል ደግሞ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ፤ ደንበኝነት የሚጠነክረው እንዲህ ነው።

ግፊቱን አስቀድሞ ለማስተንፈስ የፓምፑን ፊውዝ ነቅሎ ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ማስነሳት፣ ከዚያም የባትሪውን ነጌቲቭ መፍታት ነበር። እሱ የፈሪ ሥራ ነው። ፊቱ በቤንዚን ያልተጠመቀ ሰው መካኒክ ይባላል? መቼም የቤንዚን ትነት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቅዝቃዜ ላይ እንኳ እሳት ካገኘ ይያያዛል ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን ሽቦው የተላጠ አምፖል ከመኪናው ሥር ተንጠልጥሎ፣ አጠገቡ የቆመው የመካኒኩ ጓደኛ ሲጋራውን እያጨሰ ምክር ይለግሳል። (ምክሩም «መዶሻ ሞክርበት» ነው።)

ባለመኪናውንም አንርሳ፤ ውለታው ብዙ ነው። «ቶሎ በል እንጂ፣ ስብሰባ አለብኝ!» እያለ ከመካኒኩ ራስ በላይ የቆመው እሱ ነው። የሮንዴላ ዋጋ ሲነገረው «አሮጌውን መልስበት፣ ምን ሆነ?» የሚለውም እሱ። የመዳቡ ሮንዴላ አንዴ ከተጨፈለቀ በኋላ ነዳጅ ማንጠባጠቡ የታወቀ ነው፤ ለጠብታው የሚከፈለው ግን ማደያ ስለሆነ ከጋራዡ ሒሳብ ላይ አይታይም።

በመጨረሻ መካኒኩ ከሥር ይወጣል፤ ለሁለት የተሰበረውን ቱቦ በጥቁር እጁ ከፍ አድርጎ ያሳያል።

«አዩት ጋሼ? ድሮም አልቆለት ነበር። እግዜር ሲወድዎት እዚህ ተሰበረ፤ አባይ በረሃ ላይ ቢሆንስ ኖሮ?»

ጋሼም አማትበው፣ ከሒሳቡ ላይ የሻይ ጨምረው ይሰጡታል።