አንደኛ ዓመታችንና የእኔ ስሌት

ብዙ ሰው ቁማርተኛ መሆኑ የሚታወቅበት ከተበላ በኋላ ነው። እኔ ግን አንድ ሳንቲም ሳላስይዝ፣ የካዚኖ ደጃፍ ሳልረግጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ሳሎናችን ሶፋ ላይ እንደተቀመጥኩ ተጋለጥኩ። ያጋለጠኝም የሠርጋችንን አንደኛ ዓመት ላስ ቬጋስ ለማክበር በገዛ እጄ ያዘጋጀሁት የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው።

ሰንጠረዡ ያምራል፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉ፣ ታክሲው፣ ምግቡ፣ ትርዒቱ ሁሉ በየቀለሙ ተለይቶ ተቀምጧል። ከታች ደግሞ «መጠባበቂያ» የሚል ረድፍ አለ። ባለቤቴ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሳ ሻይዋን እየጠጣች ስታየው ዓይኗ እዚያ ላይ ቆመ።

«መጠባበቂያው ከሆቴሉ የሚበልጠው ምን ሊደርስብን ነው?» አለችኝ።

«ድንገት ሕመም ቢያጋጥም ብዬ ነው» አልኳት። ነርስ ናት፤ የሁለታችንም የጤና ኢንሹራንስ በእሷ መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ምንም ሳትናገር ወደ ላይ ከፍ አለችና «እስፓ» የሚለውን ረድፍ አየች። ለእሷ ብዬ ያስገባሁት ብቸኛው ረድፍ ነው። ዋጋው መሞላት ያለበት ቦታ ላይ «ይጣራ» ይላል። ሰንጠረዡን ከጀመርኩ ጀምሮ «ይጣራ» እንዳለ ነው።

ዘመድ ሁሉ በቆጥቋጣነት ያማኛል፤ ሐሜቱ ትክክል ነው። የተጋባነው በሐምሌ መጨረሻ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ነበር። የሆቴሉን ዋጋ በሠርጋችን ቀን ሳየው ደነገጥኩ፤ ቅዳሜና እሑድ ነው። ቀኑን ትንሽ ገፋሁት፤ ዋጋው ወረደ። ደግሞ ገፋሁት፤ ደግሞ ወረደ። ለምን እንደሚወርድ ጠይቄ አላውቅም። በበጋቸው ቬጋስ ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ የየቀን ነገር እንደሆነ፣ በጁላይ 2024 ደግሞ 48.9 ዲግሪ ተመዝግቦ እንደነበር ያነበብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ዋጋው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የሪዞርት ክፍያም እንዲሁ። ክፍሉ በርካሽ ይሰጥህና መዋኛውን ብትዋኝበትም ባትዋኝበትም በየሌሊቱ ትከፍልበታለህ። መኪና ማቆሚያውም ቢሆን ድሮ ነፃ ነበር አሉ፤ ከ2016 ጀምሮ ግን ትልልቆቹ ሆቴሎች ማስከፈል ጀምረዋል። እኔ ቁጠባ ብዬ ያሰብኩትን እነሱ ቀድመው አስበውታል።

ቀኑን ስገፋ ስገፋ ነሐሴ 1ን አልፌ ፍልሰታ ውስጥ ገብቼ ኖሯል። ይህም እንዳይበቃ፣ ከክፍሉ ጋር የሁለት ሰው ቡፌ በቅናሽ ገዛሁ፤ ገንዘቡ የማይመለስ። የጎድን ጥብስ፣ ቺዝ፣ እንቁላል፣ የሸርጣን ክምር። ሸርጣኑ እንኳ ጾም ቢፈታም የሚጠቅመን አይደለም። «ሰላጣም አለው እኮ» ብዬ ለማስተባበል ሞከርኩ። «ሰላጣ ልበላ አምስት ሰዓት በአየር ልሄድ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከአማቴ ጋር የሆነው ግን ከዚህ ይብሳል። አዲስ አበባ ደውዬ፣ ለሠርጋችን ዓመት ልጃቸውን በረሃ ውስጥ ወዳለ አንድ ቦታ ይዣት ልሄድ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«መቼ ነው ልጄ?»

«ነሐሴ መጀመሪያ ላይ።»

ስልኩ ዝም አለ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «እሰይ! እሰይ የእኔ ልጅ! ሱባኤ ልትገቡ ነው!»

በፍልሰታ ወደ ገዳም ወርዶ ሱባኤ መያዝ እሳቸው ያደጉበት ነው፤ ከአሜሪካ ሙሽራ ግን አልጠበቁትም ነበር። ሰው የሆነ ሰው እዚህ ጋ «አይደለም እማማ፣ ካዚኖ ነው» ይላል። እኔ «ይጸልዩልን እማማ» አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ፤ የንስሐ አባታቸውም መረቁኝ፤ ለአማቴ ጉልበት የሚሆን ጸበል እንዳመጣም ታዘዝኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት የተመሰገንኩበት ጊዜ ስለሌለ ለማረም አልቸኮልኩም።

አሁን ወደ «መጠባበቂያው» ልመለስ። ገንዘቡ የሩሌት ነበር። ስልቴም ይኸውላችሁ፦ ቀይ ላይ 10 ዶላር ታስይዛለህ፤ ከተበላህ 20፤ ደግሞ ከተበላህ 40፤ እንዲህ እያጠፍክ ትሄዳለህ። ቀይ የወጣ ጊዜ የጠፋው በሙሉ ይመለስና 10 ዶላር ትርፍ ይቀርሃል። ይህን አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ብቻዬን የደረስኩበት መስሎኝ ነበር። ማርቲንጌል እንደሚባልና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ቁማርተኞች ይከስሩበት እንደነበር የተረዳሁት በኋላ ነው። ስልኬ ላይ ባለ ሩሌት ስለማመድ በዶላር ፋንታ የገብስ ቆሎ አስይዝ ነበር። በዚያ ልምምድ ያሸነፍኩትም የተበላሁትም አንድ ቦታ ገባ፤ ሁሉንም በላሁት።

ስልቱን ለባለቤቴ የገለጽኩላት ተገድጄ ነው፤ ከገለጽኩ በኋላ ግን አስተማሪ ሆንኩ። አውሮፓ ውስጥ የተለመደው ሩሌት አንድ ዜሮ ስላለው 37 ቁጥር ነው፤ ከተያዘው 100 ዶላር በአማካይ 2.70 ለቤቱ፣ ማለትም ለካዚኖው፣ ይቀራል። የአሜሪካው ሁለት ዜሮ አለው፤ 38 ይሆናል፤ ለቤቱ የሚቀረውም 5.26 ዶላር። ስትሪፕ በሚባለው የቬጋስ ዋና የካዚኖ ጎዳና ላይ ሦስተኛ ዜሮ የጨመሩም አሉ፤ እዚያ 7.69 ነው። «እኔ ሦስት ዜሮ ያለበት አልቀመጥም» አልኳት፤ ትልቅ ጥንቃቄ ያደረግሁ ይመስል።

እሷ ሌሊቱን ሙሉ በደቂቃ ስንት ጠብታ መድኃኒት እንደሚገባ ስታሰላ የምታድር ሰው ናት። የሻይ ናፕኪን ላይ መጻፍ ጀመረች። ሰባት ጊዜ በተከታታይ ከተበላሁ 1,270 ዶላር ሄዷል፤ ለስምንተኛው 1,280 ያስፈልጋል። «አለን?» አለችኝ። የለንም። ቢኖረንም ጠረጴዛው የራሱ ጣሪያ ስላለው ከዚያ በላይ ላያስይዘኝ ይችላል። ሰባት ጊዜ ተከታትሎ መበላት ደግሞ ሁለት ዜሮ ባለው ላይ በአማካይ ከ90 ዙር አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው። «ስለዚህ 89ኙ ዙር 890 ዶላር ይለቅምልሃል፤ አንዱ ዙር 1,270 ይወስድብሃል። እንቅልፍ ያጣኸው ለዚህ ነው?»

ሰው በዚህ ጊዜ ዝም ይላል። እኔ የሞንቴ ካርሎን ታሪክ አመጣሁ። በኦገስት 1913 እዚያ ካዚኖ ውስጥ ኳሷ 26 ጊዜ ተከታትላ ጥቁር ላይ አረፈች፤ ሰዉም «አሁንስ ቀይ መውጣቱ አይቀርም» እያለ ገንዘቡን አራገፈ። ልነግራት የፈለግሁት እንዲህ ያለው ነገር በመቶ ዓመት አንዴ የሚሆን መሆኑን ነበር።

«እነሱም ሰንጠረዥ ነበራቸው?» አለችኝ።

ሌላም ያስደንቃታል ብዬ ያስቀመጥኩት ዕውቀት ነበረኝ። ካዚኖ ግድግዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓት እንደማይሰቀል፣ በመስኮት በኩል ውጭው እንደማይታይ፣ ሰዉ ቀንና ሌሊቱን እንዲረሳ እንዲህ እንደሚደረግ አስረዳኋት። አዳመጠችኝና «እኔ እኮ የማድረው እዚያ ነው» አለችኝ። መብራቱ የማይጠፋ፣ ማሽኑ ሲጮህ የሚያድር፣ ሰዉ ፊቱ ገርጥቶ የሚቀመጥበት ቤት። ለዕረፍት ብዬ የመረጥኩላት ቦታ የሥራ ቦታዋ ነበር። አብረን አንድ ዓመት ስንኖር ይህ አልታየኝም፤ የዜሮዎቹ ብዛት ግን በቃሌ ነው።

ቬጋስ ለረጅም ጊዜ ታክሲ የነዳ የአባቴ ዘመድ አለ፤ ጋሼ ነው የምንለው። ደወልኩለት። ምክር ፈልጌ አይደለም። ከተማው በእኛ ሰው የተሞላ መሆኑን ስለማውቅ ነው፤ ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል የሚሠራው፣ ካርድ የሚያድለው ሐበሻ ብዙ ነው፤ ክላርክ ካውንቲ ራሱ አንዱን ሰፈር ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሞታል። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ ሐበሻ ዲለር የሌለበት ካዚኖ የትኛው ነው?

ጋሼ ሳቀብኝ። «የእኛ ሰው የሌለበት ከፈለግህ ሌላ ከተማ ሂድ» አለኝ። ቀጥሎ ያልጠየቅሁትን ነገረኝ። «ተሳፋሪዎቼ ከኤርፖርት ሳመጣቸው መንገዱን ሙሉ ያወሩልኛል፤ ስመልሳቸው ስልካቸውን ነው የሚያዩት። አንተ ልጅ፣ እናትህ ይህን ታውቃለች?»

እናቴ አታውቅም። አማቴ ሱባኤ ነው የሚያውቁት።

በመጨረሻ፣ ሌላ የምጠይቀው ሳጣ፣ ባለቤቴን ምን ማየት እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ቤላጂዮ ሆቴል ፊት ለፊት የሚጨፍረውን ፏፏቴ ትላለች ብዬ ነበር፤ ነፃ ስለሆነ ሰንጠረዡ ላይ በአረንጓዴ አስገብቼዋለሁ። የኤፍል ማማን ባለ ግማሽ ቁመት ቅጂም እንዲሁ። እሷ ግን «ሁቨር ግድብን» አለች። ለዓባይ ግድብ ከደመወዟ ቦንድ የገዛች ሰው ናት፤ ቦንድ ስትገዛ እኔ ወለዱን አስልቼ «አያዋጣም» ብያት ነበር። 221 ሜትር ቁመት ያለው ግድብ ከስትሪፕ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ እንደሚገኝ ሰንጠረዤ አያውቅም።

ይባስ ብሎ ታሪኩንም አንብባዋለች። ኔቫዳ ቁማርን ሕጋዊ ያደረገችውና የግድቡ ሥራ የተጀመረው በአንድ ዓመት ነው፤ በ1931። ላስ ቬጋስ ያኔ የባቡር ሐዲድ የወለዳት ትንሽ ከተማ ነበረች። መንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን እዚያ እንዳያራግፍ ፈርቶ ግድቡ አጠገብ ቦልደር ሲቲ የምትባል ከተማ ሠራላቸው፤ ቁማርንም ከለከለባት። ክልከላው እስከ ዛሬ አልተነሳም። ከዚያ ሁሉ የኔቫዳ ምድር ውስጥ ባለቤቴ ፈልጋ ያገኘችው ሆቴል እዚያች ከተማ ነው።

ሰንጠረዡ አሁን በእሷ እጅ ነው። ቀኑ ወደ ሠርጋችን ቀን ተመልሷል፤ ሙቀቱ ያው ነው፤ የቡፌው ገንዘብ ቀርቷል። «መጠባበቂያ» የሚለው ረድፍ ጠፍቶ ገንዘቡ «እስፓ» ላይ ተደምሯል፤ ዋጋውም ተጣርቷል። ለአማቴ እውነቱን መናገር የእኔ ድርሻ ሆኖ ቀርቷል፤ «አንተ ካስገባሃቸው ሱባኤ አንተው አስወጣቸው» ተብያለሁ። እስካሁን አልደወልኩም።

ስትሪፕ ላይ የምናድረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ባለቤቴ ሌሊት መንቃት ስለለመደች የእኔ ዕድል በማግስቱ ቀን፣ እሷ ተኝታ ሳለ ነው። ስለዚህ ቬጋስ ያላችሁ ዲለር ወገኖቼ፣ ቀትር ላይ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ፣ ኪሱ ውስጥ ቆሎ የያዘ ሰው ቀይ ላይ 10 ዶላር ሊያስይዝ ሲጠጋ ካያችሁ፣ ኳሷን ከማሽከርከራችሁ በፊት በአማርኛ፣ ጮክ ብላችሁ፣ «ጸበሉን አገኘኸው?» በሉልኝ።