ጎን ለጎን

ደመወዝ ከወሩ አጋማሽ አላልፍ ሲል የቢሮ ሰው ሁሉ «ጎን ለጎን» ጀምሯል። የሰሞኑ ፋሽን የቤት ጽዳት ነው። መነሻው አንድ ጀሪካን በረኪና፣ መወልወያ፣ የቴሌግራም ቻናልና «ዋና ሥራ አስኪያጅ» የሚል ቢዝነስ ካርድ። ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ሥራው ሲደራ ይደርሳሉ። ዋና ሥራ አስኪያጃችን እቤቱ የጠጣበትን ብርጭቆ አንስቶ አያውቅም፤ የእሱ ሙያ ማስተባበር ነዋ! የሚያስተባብራቸውም ሁለት ሴቶች አሉት፤ አንዷ የገዛ ቤቱ ሠራተኛ ናት።

ቅዳሜ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተጠሩ። ደንበኛዋ «ባዕድ ሰው ጉዴን አይይብኝ» ብላ ሌሊቱን ስትፈትግ አድራለች። የቀረው ሶፋው ብቻ። ቧንቧው ቢከፈት ፉጨት፤ ለካ የሰፈሩ የውሃ ፈረቃ ማክሰኞ ኖሯል። ዋና ሥራ አስኪያጁ ምን ቸገረው? የሚያብረቀርቀውን ወለል ፎቶ አንስቶ «የእኛ ሥራ» ብሎ ቻናሉ ላይ ለጠፈ።