ሲሾም ያልበላ ቤት

የአክስቴ ቤት ተሾመ። ሹመቱ የቅርስ ነው፤ እንኳን አብሮ ደስ አለን።

ዋግ ውስጥ ሹመት ብርቅ አይደለም። የአገሩ ገዥ ስሙ ራሱ ዋግሹም ነበር። ሌላው መኳንንት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲቆም ዋግሹም ይቀመጥ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል፤ የዛጉዌ ዘር ዙፋኑን ለይኩኖ አምላክ ሲለቅ የተዋዋሉት ነው ይላሉ። ከመካከላቸው ዋግሹም ጎበዜ መቀመጡ ብቻ አልበቃ ብሏቸው በ1860 ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በ1863 ደግሞ አድዋ አጠገብ በሚስታቸው ወንድም፣ ኋላ አፄ ዮሐንስ በተባሉት በካሳ ምርጫ እጅ ወደቁ። መሾሙንም መሻሩንም እናውቀዋለን ለማለት ነው። እና አምና ቤት መሾም ሲጀመር ሰፈሩ ያን ያህል አልተደነቀም።

የመጡት ሦስት ናቸው። አንዱ ሜትር ይዟል፣ አንዱ ካሜራ ይዟል፣ ሦስተኛው ምንም አልያዘም፤ አለቃው እሱ ነው። ግድግዳውን ለኩ፣ መስኮቱን ቆጠሩ። አክስቴን በሩ ላይ አቁመው ፎቶ አነሡ፤ ከዚያ «እናታችን፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፣ ቤቱን ሸፈኑት» አሏትና ያለ እሷ ደግመው አነሡ። ጾም ነበርና ሽሮ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ሲወጡ ለእያንዳንዳቸው ነጭ ማር ተቋጠረ። በመጨረሻ ከመኪናው ሰማያዊ የቆርቆሮ ታፔላ አውርደው ከበሩ በላይ በአራት ሚስማር መቱት። ቤቱ ታሪካዊ ቅርስ መሆኑን ይናገራል። ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ ነው። ሦስተኛው ሚስማር ሲገባ ከላይኛው ረድፍ አንድ ድንጋይ ተነቃነቀ፣ የደረቀ ጭቃም አክስቴ ነጠላ ላይ ረገፈ። አለቃው አቧራውን እየተመለከተ «ይኼ ራሱ ታሪክ ነው» አለ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። በአገራችን ተሹሞ የማይበላ ፍጡር ቢኖር ቤት ብቻ ነው። እሱ ይሾማል፣ ሽሮውን የሚበላው ሌላ ነው።

ቤቱ አይገባውም አልልም፤ ይገባዋል። አያቴ እንደ አዲስ ያሠሩት በ1953 ነው። ከተማችን ሰቆጣ ዱሮ የአሞሌ ገበያ ነበረች፤ ከአፋር በረሃ የተቆረጠው ጨው በግመልና በአህያ ወጥቶ እዚህ ይመነዘር ነበር። አያቴ የዚያ ገበያ ጭራ ላይ ደርሰው ጥቂት አጠራቀሙ፣ ከዚያ ወደ ማር ዞሩ። በማሩ ብር ቤቱን አሳደሱ። በፊት ቤቱ ሕድሞ ነበር፦ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው በወፍራም እንጨት ላይ የተደለደለ አፈር። አያቴ አፈሩን አስወርደው ቆርቆሮ አለበሱት፣ መስኮቱን አስፍተው መስተዋት አስገቡ፣ ወለሉን ሲሚንቶ አስመቱ። ሰው ከሩቅ እየመጣ አየው። «ዘመናዊ ቤት» ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስቀኛል። ሌ ኮርቡዚየ የሚባለው የአውሮፓ የሥነ ሕንፃ ሊቅ በ1920ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ የዘመናዊ ቤት ጣራ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ሰው ይውጣበት ብሎ ዓለምን አስደነቀ። በዚያው ጊዜ የዋግና የትግራይ ደገኛ ሕድሞው ጣራ ላይ ወጥቶ እህል ያሰጣ ነበር። እነሱ ሲዘምኑ ጣራቸውን አደላደሉ፣ እኛ ስንዘምን ጣራችንን አሾልን። መንገድ ላይ ተላለፍን።

አያቴ ቆርቆሮውን በመቱበት ዓመት አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ንድፉ የጣሊያናዊው አርቱሮ መዘዲሚ ነው፤ የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል ብቻውን 150 ካሬ ሜትር ነው፤ በ1955 የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅታቸውን የመሠረቱት እዚያ ነው። ይህ አዳራሽ አርጅቶ ነበር። ታደሰ። 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበትና በ2017 እንደገና ተከፈተ፤ የከፈለው የተባበሩት መንግሥታት ነው። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም፣ እሰየው ነው። ግን የአክስቴ ቤትና የአፍሪካ አዳራሽ እኩያሞች ናቸው። አንዱ ደህና ዘመድ አለው፣ አንዱ ታፔላ አለው።

ሰዓሊው አፈወርቅ ራሳቸው ቤት ነበራቸው፤ ቪላ አልፋ። ራሳቸው ነድፈው፣ የጎንደርን ግንብ አስመስለው፣ ኖረውበት፣ ሥለውበት፣ እንግዳ እየተቀበሉ ያስጎበኙበት ነበር። ከዚህ ይበልጥ ለቅርስነት የተመቸ ቤት አይገኝም። በ2004 ሲያርፉ ቤቱ ክብሩን አገኘ፤ ክብሩም በሩ ለጎብኚ ለዓመታት መዘጋቱ ነው። ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ ደጁን አንኳኩቶ የሚገባ ነበር፤ ቤቱ የሁላችን ከሆነ በኋላ ግን ለዓመታት ማንም አልገባም።

ወደ ሕጉ እንምጣ፤ አንብቤዋለሁ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይባላል። የቅርስ ባለቤት ቅርሱን በራሱ ወጪ የመጠበቅና የመንከባከብ ግዴታ አለበት። ማደስ ሲፈልግ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ደግሞ መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል። እንግዲህ «አለበት» የሚለው ለአክስቴ ነው፣ «ይችላል» የሚለው ለመንግሥት። አማርኛ ደግሞ ደግ ቋንቋ ነው፤ ለመቻል ሁለት ፍቺ ሰጥቶታል። መንግሥት መክፈል ይችላል፣ አክስቴም ትችለዋለች።

በ2006 ሌላ አዋጅ መጣ፣ ቁጥር 839። ቅርሶች የአገር አቀፍና የክልል ተብለው እንዲመደቡ አደረገ። ተገቢ ነው። ቅርሱ የማን እንደሆነ ካልተለየ፣ የማያድሰው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ታፔላው በተመታ በዓመቱ፣ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ አክስቴ ቆርቆሮውን ልትለውጥ ተነሣች። ሦስት ቦታ ያፈሳል፤ አንዱ ልክ ከአልጋዋ በላይ ነው። ፍየል ሸጣ ገንዘቡን ይዛለች፣ አናፂ ተነጋግራለች። አናፂው መሰላሉን ሲያቆም ታፔላውን አየና ወረደ። «እማማ፣ ይኼ የመንግሥት ነገር አለበት፣ እኔ አልነካም» አላት። ሄደች። የሄደችበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ ስሙ ቢለወጥ ወንበሩ ያው ነው። ደብዳቤ ጻፊ ተባለች፤ እኔ ጻፍኩላት። «ጉዳዩ፦ የሚያፈስ ቅርስን ይመለከታል» አልኩ። ይህን አስተካክል ተባልኩ፤ ቅርስ አያፈስም፣ «የእርጥበት ተጋላጭነት» በል አሉኝ። አልኩ።

መልሱ ደረሰ፤ አዲሱ ቆርቆሮ ከቀድሞው ጋር ተመሳሳይ ስለመሆኑ ባለሙያ መጥቶ ያረጋግጥ የሚል ነው። ባለሙያው ከሌላ ከተማ ነው የሚመጣው፣ አበል ያስፈልገዋል። ሰኔ ላይ አበል የለም፤ በጀት ሊዘጋ ነው። ሐምሌ ላይም የለም፤ አዲሱ በጀት ገና አልተለቀቀም። ዝናቡ ግን በሰኔና በሐምሌ መካከል የሚዘጋ ሒሳብ የለውም።

አክስቴ ሳፋ፣ ባልዲና የዘይት ጀሪካን ደረደረች። ሌሊት እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ ይንጠባጠባል፤ ሳፋው ወፍራም፣ ጀሪካኑ ቀጭን። አንድ ቀን ቤቷ ስደርስ አንጋጣ ታፔላውን በክንዷ ስትለካ አገኘኋት። ከቤቱ ቆርቆሮ ሁሉ ዝገት ያልነካው እሱ ብቻ ነው፣ ልኩም ከአልጋዋ በላይ ላለው ቀዳዳ ይበቃል። አትንኪው፣ ያስጠይቃል አልኳት። «ልጄ፣ ቅርስ ማለት ለልጅ የሚተዉት ነገር አልነበረም?» አለችኝ። «እኔ ልተወው ስል ነው እኮ የከለከሉኝ።» መልስ አልነበረኝም። ከቅርስ እስከ ቅሪት ያለው መንገድ ሁለት ክረምት ነው፤ ግንቡ ጭቃ ከሆነ አንዱም ይበቃል።

ፈረንጅ አገር ቢሆን ይኼ ሁሉ አይደርስም የምትሉ አላችሁ። የፈረንጅ ቅርስም ያፈሳል። አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ፎሊንግዎተር የሚባል ቤት አለ፤ ፍራንክ ሎይድ ራይት በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ፏፏቴ አናት ላይ የሠራው። ከተሠራ ጀምሮ ያፈስ ነበር፤ ባለቤቱ ቤታቸውን በሚያስፈልገው ባልዲ ብዛት ይጠሩት ነበር ይባላል። ሰገነቱም ወደ ፏፏቴው አዘነበለ። ልዩነቱ እነሱ ማዘንበሉን ታሪክ ነው ብለው አልተዉትም፤ 11 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥተው እንዳይወድቅ አጠነከሩት። በ2011 ዩኔስኮ የመዘገበው ቆሞ ነው። ባልዲውን አክስቴም አላት፤ የጎደላት የቀረው ነው።

አባቶቻችን ይህን ሁሉ ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ከአለት ፈለፈሉት፤ ቆርቆሮ አይፈልግ፣ ሚስማር አይፈልግ፣ ፈቃድ አይፈልግ። ዋግሹሞቹም አስከሬናቸው እዚያ ተቀመጠ፤ እንደ ልማዳቸው ደህና ቦታ መርጠው። ግን አለትም ቢሆን ከሹመት አያመልጥም። ጎረቤታችን ላሊበላ በ1970 የዓለም ቅርስ ሆነ። በ2000 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት በላይ ግዙፍ የብረት መጠለያ ተተከለ። ጊዜያዊ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ አድጎ ዲያቆን ሆኖ ከሥሩ ይቀድሳል፤ ካህናቱና ሕዝቡም ብረቱ ወድቆ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳይጎዳ ይሰጋሉ። በአገራችን ጊዜያዊ ከሚባለው የሚጸና ነገር የለም፤ ቋሚ የተባለው ነው የሚያሳስበው።

ቋሚ ሲባል የአዲስ አበባው ፒያሳ ትዝ አለኝ። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ በየቤቱ ላይ ቅርስ ነው፣ አይደለም የሚል ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ጥሩ ነበር፣ ሁለቱንም ወገን ያዋጣ ነበር። ግሬደሩ ግን ስብሰባ ስለማያውቅ ቀድሞ ጨረሰ። ስለዚህ ሰቆጣ ያለው ቤት ፈቃድ እየጠበቀ ይወድቃል፣ ፒያሳ ያለው ሳይጠበቅ ይወድቃል። ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ያልነው ይኼንን ነው። አስመራን ያየን እንደሆነ ግን በ2009 ዩኔስኮ ዘመናዊ ሕንፃዎቿን ከነሰፈራቸው መዝግቦላታል፤ ሲኒማውን፣ ነዳጅ ማደያውን ሳይቀር። የነዳጅ ማደያ ከአክስቴ ቤት ይበልጥ የተከበረበት ዘመን ላይ ደርሰናል፤ እሱም ቢሆን ጣራው ስለማያፈስ ይሆናል።

እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ለሚመለከተው ሁሉ ይድረስልኝ። ቤት መሾም ይቀጥል፣ እንዲያውም ይብዛ። ግን የሾመው ኮሚቴ በሾመው ቤት አንድ ክረምት ይደርበት። ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 1፤ መቶ ቀን አይሞላም። አለቃው ከአክስቴ አልጋ ላይ፣ ሜትር ያዡ ሳፋው አጠገብ፣ ባለ ካሜራው መስኮቱ ሥር። ማለዳ ማለዳ የእርጥበት ተጋላጭነታቸውን በቃለ ጉባኤ ይያዙ። ሽሮውን እኛ እንችላለን። መስከረም ላይ አሁንም ቆርቆሮው እንዳይነካ የሚል ካለ፣ እኔ ራሴ ሁለተኛ ታፔላ አሠርቼ እመታለሁ።

ወይም ሌላ መንገድ አለ፣ እሱ ይረክሳል። ታፔላውን የያዘው መኪና አብሮ ሠላሳ ቅጠል ቆርቆሮና አንድ አናፂ ይዞ ይምጣ። ማዕረግ መስጠት ምንም አያስወጣም፣ ለዚህ ነው የሚበዛው። ቆርቆሮ ያስወጣል፣ ለዚህ ነው ደብዳቤ የሚጠየቅበት። መክፈል የማይችል መንግሥት ቢያንስ መሰላሉን አይከልክል፤ አክስቴ ያለችው ገንዘብ ስጡኝ አይደለም፣ በገንዘቤ ልሥራው ነው።

ከአክስቴ ቤት ማዶ አንድ ቤት አለ። ያው ድንጋይ በጭቃ ነው፣ የተሠራውም በዚያው ዘመን ነው፣ ምናልባት በዚያው ግንበኛ እጅ። ሦስቱ ሰዎች የመጡ ዕለት ባለቤቱ ገበያ ሄዶ በሩ ተቆልፎ ስለነበር ሳይሾም ቀረ። ግንቦት ላይ ማንንም ሳይጠይቅ አዲስ ቆርቆሮ መታበት። አያፈስም። አክስቴ ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ የምታድረው እዚያ ነው።