የልጆችን ሶፍትቦል ማበላሸት ለሚፈልግ ዳኛ

የልጆችን ጨዋታ ማበላሸት የሚፈልግ ዳኛ ከሁሉ አስቀድሞ የደንብ መጽሐፉን መኪናው ውስጥ ቆልፎበት ይምጣ። መጽሐፉ ኪስ ከገባ አሰልጣኙ «እስቲ አብረን እንየው» ይላል፤ ከታየ ደግሞ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ደንቡ ይሻሻላል የሚሉህን አትስማ። የዛሬ 15 ዓመት የተማርከው ይበቃሃል፤ የጠየቀህን «ስንት ዓመት ዳኝቻለሁ መሰለህ?» ብለህ ዝም ታሰኘዋለህ።

ከዚያ አንዲት ቃል በአፍህ ያዝ፦ «በእኔ ዕይታ ነው።» ለሁሉም ነገር እሷን አውጣ።

ለምሳሌ ከ12 ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ጨዋታ፣ መቺዋ ከ40 ጫማ የተወረወረላትን ኳስ ሦስተኛ ጊዜ ሳተችው እንበል። ስትራይክ ሦስት! ግን ካቸሯም ኳሱን አልያዘችውም፤ አቧራው ላይ ተንከባለለ። አንደኛው ቤዝ ባዶ ነው። ልጅቷ የተማረችውን አስታወሰች፤ ዱላዋን ጥላ በረረች፤ ኳሱንም ቀድማ ቤዙን ረገጠች። አንተ እጅህን አንስተህ «አውት!» በል። አሰልጣኙ ቀስ ብሎ መጥቶ «ዳኛዬ፣ ቤዙ እኮ ባዶ ነበር» ሲልህ «በእኔ ዕይታ አውት ነች፤ በዳኛ ዕይታ ላይ ክርክር የለም» ብለህ ጀርባህን ስጠው።

ኧረ ተው፣ ወንድሜ! ኳሱ መሬት ነካ አልነካም የሚለው የዓይን ጉዳይ ነው፤ ያንተ ነው፤ ማንም አይነጥቅህም። አንደኛው ቤዝ ባዶ ሲሆን፣ ወይም ሁለት አውት ከተቆጠረ በኋላ መቺዋ መሮጥ መቻሏ ግን ያንተ ዓይን የሚወስነው አይደለም። ተጽፏል። አሰልጣኝ በዕይታህ ላይ ተቃውሞ ማስመዝገብ አይችልም፤ ደንብን ያለ ቦታው ስታውል ግን ይችላል። ይህ ጨዋታ በ1887 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ሲፈጠር ጀማሪው ጆርጅ ሃንኮክ ደንብ ጽፎለታል። ሜዳ ለሜዳ የሚዞር የአንድ ሰው ስሜት ቢበቃ ኖሮ ምን ያስጽፈዋል? እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሜዳ ዳር ቁጭ ብዬ የማየው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚሁ ይነሳል፤ ዕይታና ደንብ ሲደባለቁ።

ወደ ምክሩ እንመለስ። ኢንፊልድ ፍላይ የሚባለውንም ማበላሸት አትርሳ። አንደኛና ሁለተኛው ቤዝ ላይ ሯጮች አሉ፤ አውቱ ገና ሁለት አልሞላም፤ ኳሱ በቀላሉ የሚያዝ ሆኖ ከውስጠኛው ሜዳ በላይ ቀጥ ብሎ ወጣ። ዝም በል። ኳሱ መሬት እስኪወድቅ ጠብቅ፤ ሯጮቹ ግማሽ መንገድ ላይ ተደናግረው ሲተያዩ ያኔ አውጀው። ደንቡ የመጣው ተከላካይዋ ኳሱን ሆን ብላ ጥላ ሁለት ሰው እንዳታስወጣ፣ ሯጮቹን ለመጠበቅ ነው። ኳሱ አየር ላይ ሳለ ጮክ ብሎ ያልተጠራ ምንን ይጠብቃል? የአሥር ዓመት ልጅ ያንተን ሐሳብ በምን ታውቀዋለች?

ኳስ ያልያዘች ተከላካይ ሯጯን ስታግዳት፣ ማገዷን ለማሳወቅ ግራ እጅህን አትዘርጋ። ይሄም ይሠራል።

አሰልጣኙ ሲመጣ ቆመህ አትጠብቀው፤ ደረትህን ነፍተህ ግማሽ መንገድ ሂድበት። ሳይናገር ተናገር። አያቶቻችን በላ ልበልሃ ሲባባሉ ዋርካ ሥር የተቀመጠው ዳኛ ከሳሽም ተከሳሽም ጨርሶ እስኪናገር ይሰማ ነበር፤ አንተ ግን ሰውየው አፉን ሲከፍት «ከሜዳ አስወጣሃለሁ» በለው። ቤዝ ላይ የቆመው ዳኛ ጓደኛህ ከአንተ የተሻለ ቦታ ሆኖ ቢያይም አትጠይቀው፤ መጠየቅ ሽንፈት ነው ብለህ እመን።

ሌላም መንገድ አለ፤ የሚጮኸውን ፍራ። የጮኸው አሰልጣኝ «እጅ የዱላው አካል ነው!» ካለ ይሁን በለው። የትኛውም ደንብ ውስጥ የለም፤ ኳስ እጇን የመታት ልጅ እጇን ነው የተመታችው፣ ጣቷን እያሻሸች ስታለቅስ እያየሃት ነው። ግን ሰውየው ጮኋል። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ለዝምተኛው አሰልጣኝ ካሳ የሚሆን ስትራይክ ስጠው፤ ያኔ ሁለት ስሕተት ሠርተህ ሚዛን የያዝክ ይመስልሃል። ያች ካሳ የከፈለችው መቺ ግን ምን አደረገችህ? እሷ ከማንም ጋር አልተጨቃጨቀችም።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚሠራው ጥድፊያ ነው። የደንብ ተቃውሞ የሚቀርበው ቀጣዩ ኳስ ከመወርወሩ በፊት ነው፤ ከተወረወረ አበቃ። ስለዚህ አሰልጣኙ መጽሐፉን ሊያመጣ ወደ ቦርሳው ዘወር ሲል፣ ብሩሽህን አውጥተህ ሆም ፕሌቱን ጥረግ፣ ጭንብልህን አጥልቅ፣ ጣትህን ወደ ወርዋሪዋ ቀስረህ «ጨዋታ!» በል። ኳሱ ይወረወራል። ሰውየው ትክክለኛውን ገጽ ገልጦ ሲመጣ ጊዜው አልፏል።

ያቺ ቀድማ የደረሰችው ልጅ አንደኛው ቤዝ ላይ እንደቆመች ናት። አንድ ሰው በእጁ ይጠራታል። ሄልሜቷን ሳታወልቅ ወደ ቡድኗ መቀመጫ ትመለሳለች፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ትቀመጥና አሰልጣኟን ትጠይቀዋለች፤ «መሮጥ አልነበረብኝም እንዴ?»