ሕፃን አይተኛም ስለሚባለው ነገር

አራስ ልጅ እንቅልፍ የለውም የሚለው ቅሬታ ከቁጥር ጋር አይስማማም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል። በቤቱ ውስጥ በዚህ የምትቀርበው ድመቷ ብቻ ናት። ጉድለቱ ያለው በመጠኑ ሳይሆን በአከፋፈሉ ነው፤ ሕፃኑ እንቅልፉን በችርቻሮ ይወስዳል፣ ወላጆቹ ደግሞ በጅምላ መግዛት የለመዱ ናቸው።

የችርቻሮው አንዱ ምክንያት ሆድ ነው። የእናት ጡት ወተት በሁለት ሰዓት ገደማ ከጨጓራ ስለሚወጣ ሕፃኑ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት ይፈልጋል፤ መሽቷል ብሎ የሚተወው ነገር የለም። ከሆዱ ሌላ የሰውነቱ ሰዓት አለ። ጨለማ ሲሆን እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን በሕፃኑ ሰውነት ውስጥ በወጉ መመንጨት የሚጀምረው ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው ነው። እስከዚያ ድረስ ሌሊት የሚባል ነገር መኖሩን የነገረው የለም። አያቶች «ቀንና ሌሊት ተምታቶበታል» ይላሉ፤ አባባሉ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ጨርሶ ያልተለየ ነገር እንዴት ሊምታታ እንደሚችል አያስረዳም። አንዱ የእንቅልፍ ዙርም በሕፃን ከ50 እስከ 60 ደቂቃ፣ በአዋቂ 90 ደቂቃ ያህል ነው። ሕፃኑ ዙሩን ጨርሶ ዓይኑን ሲገልጥ እናቱን ከባዱ እንቅልፍ ገና ይዟታል።

በእንቅልፍ ጥናት ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ናትናኤል ክላይትማን እ.ኤ.አ. በ1938 ከተማሪው ከብሩስ ሪቻርድሰን ጋር በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ማሞዝ ዋሻ ውስጥ ገብቶ 32 ቀን ቆይቷል። ሊፈትሽ የፈለገው ሰው አንዱን ቀን 28 ሰዓት አድርጎ መኖር ይችል እንደሆነ ነበር። ወጣቱ ሪቻርድሰን ለመደው፤ የ43 ዓመቱ ክላይትማን አልሆነለትም። ዋሻው ለምን እንዳስፈለገ ልጅ ያሳደገ አንባቢ አይገባውም። ይኸው ምሁር በ1953 ከሌላው ተማሪው ከዩጂን አሴሪንስኪ ጋር፣ የተከደነ ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል ለዓለም አስታወቀ፤ ሥራው የተጀመረው የሕፃናትን ዓይን በመከታተል ነው። አራስ ልጅ የእንቅልፉን ግማሽ ያህል የሚያሳልፈው በዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ፊቱን ያኮማትራል፣ ያቃስታል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ፈገግም ይላል። ፈገግ ሲል «መላእክት እያጫወቱት ነው» ተብሎ ይተዋል። ሲያቃስት ግን «ነቃ» ተብሎ ይነሳል፤ በዚህም በሰላም ተኝቶ የነበረ ልጅ ከነቤተሰቡ ይነቃል።

ልጅን ማስተኛት ከባድ ሥራ አይደለም። እሹሩሩ እያሉ ዞር ዞር ማለት ይበቃል። ከባዱ ማስቀመጥ ነው። አስተኚው ትንፋሹን ይዞ፣ ወገቡን አጥፎ፣ ክንዱን ከልጁ አንገት ሥር በጣት ስፋት እያሾለከ ያወጣል፤ በዚህ ጊዜ ከጉልበቱ የሚወጣው ድምፅ ቀን ቀን ተሰምቶ አያውቅም። ፍራሹ ቀዝቅዞ ይሆናል የሚለው ጥርጣሬ የቆየ ነው። በጃፓን ሪከን የምርምር ተቋም በኩሚ ኩሮዳ መሪነት ተሠርቶ በ2022 የወጣ ጥናት ግን ፍራሹን ነጻ አውጥቶታል፤ የሕፃኑ የልብ ምት የሚለወጠው ጀርባው አልጋ ሲነካ ሳይሆን ገላው ከያዘው ሰው ገላ መለየት ሲጀምር ነው። አጥኚዎቹ 5 ደቂቃ አቅፎ መራመድን፣ ልጁ ከተኛ በኋላም ከ5 እስከ 8 ደቂቃ እንዳቀፉ ቁጭ ብሎ መቆየትን ይመክራሉ። ምክሩ ጥሩ ነው። ችግሩ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቁጭ እንዲል የተፈቀደለት ሰው ስምንተኛውን ደቂቃ አለማየቱ ነው፤ ሶፋ ላይ ልጅ አቅፎ ማሸለብ ደግሞ ለሕፃኑ ሕይወት አደገኛ ስለሆነ በቀልድ አይታለፍም። ልጅ የሚተኛው በጀርባው፣ ትራስ በሌለበት ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ ነው። ቀን ቀን አንቀልባ አለ። አንቀልባ የማስቀመጥን ችግር የፈታው ማስቀመጥን በማስቀረት ነው።

የአባት ነገር ለብቻው መታየት አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ ለእናት 90 ቀን፣ ለአባት 3 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ከአራተኛው ሌሊት ጀምሮ በመኝታ ቤቱ «ነገ ሥራ አለብኝ» የሚል ሕግ ይጸናል፤ ማስፈጸሚያውም ማንኮራፋት ነው። እውነተኛውን ማንኮራፋት ከአስመሳዩ መለየት ቀላል ነው፤ እውነተኛው ልጅ ባለቀሰ ቁጥር አይጨምርም። እናትም ጥበቡን አታጣውም፤ ግን ጡቱ እሷ ጋ ስለሆነ አይጠቅማትም።

አራስ ጥሪ የመጣ እንግዳ ሁሉ የችግሩን ማብቂያ ቀን ያውቃል። ክርስትና ሲነሳ ይተወዋል፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን። ይህ ሲያልፍ ሦስት ወር ሲሞላው ይባላል፤ ከዚያ ጥርሱን ሲጨርስ፤ ከዚያ ሲራመድ። ቀጠሮው ይራዘማል እንጂ አይሰረዝም። መድኃኒትም አይጠፋም፤ ለሆድ ቁርጠቱ ጤና አዳም፣ ለዓይን ጥቁር ክር ይታዘዛል። የጤና ባለሙያዎች እስከ 6 ወር ከጡት ወተት በቀር ውኃም ቢሆን አይሰጠው ሲሉ፣ እንግዶቹ «እኛስ በምን አደግን?» ይላሉ። ለዚህ እስካሁን የተሰጠ መልስ የለም።

የወላጆች ሌሊት ተመዝግቦ የማይቀመጠው በሰላምታ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። አገሩ በየማለዳው ስለ ሌሊቱ ይጠይቃል፤ «እንዴት አደራችሁ?» ይባላል፤ ዓይኑ የቀላው ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል፤ በዚሁ ሌሊቱ ከመዝገብ ይጠፋል። ሁለት ዓመት ሲያልፍ የባሰ ይሆናል። ያን ጊዜ የተጠየቁ ወላጆች «የእኛውስ ከተወለደ ጀምሮ እንቅልፋም ነበር» ሲሉ ይሰማሉ፤ ውሸት አይደለም፣ በጊዜው ስላልተኙ አያስታውሱትም። ይህን ምስክርነት የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ ሌላ አራስ ቤት፣ ገንፎው ተበልቶ ቡናው ሲቀርብ ነው። አራሷ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ትነቀንቃለች፤ እንግዶቹም እንደተስማማች ይቆጥሩታል።